የሰገነት ቤት ቀማሽ

ልብስ ሰፊው አስፋው የተፈራን ውሸት የያዘው በአንዲት ቁራጭ ሎሚ ነው።

ጊዜው የሁለት ሺህ አሥራ አራት ግንቦት ነበር። ጦርነቱ ወልድያን ረግጧት ካለፈ ገና ዓመት አልሞላም። ሰገነት የሚባለው ምግብ ቤት በሩ ተገንጥሎ፣ ብርጭቆው እስከ መጨረሻው ተለቅሞ ከተወሰደ በኋላ እንደ አዲስ ቀለም ተቀብቶ በፋሲካ ተከፍቷል። ባለቤቷ ወይዘሮ ፍሬሕይወት ለሠራተኞቻቸው ጥቁር ሰደርያ እንዲሰፋላቸው ለአስፋው ሰጡት። ተፈራ የሚባለው የቤቱ ባርማን ሊለካ ሱቁ መጣ። አስፋው ትከሻውን ለካ፤ ደረቱን ለካ፤ ሜትሩን በወገቡ ዙሪያ አዙሮ ቁጥሩን ሊያነብ ጎንበስ ሲል ልጁ ከኪሱ ቁራጭ ሎሚ አወጣና ገመጠ። ወዲያው ፊቱ ተጨማደደ፤ አንድ ዓይኑ ተጨፈነ፤ ትከሻው ሽቅብ ተሳበ። ሜትሩ ላይ ያለው ቁጥር ከአስፋው ዓይን ጠፋ።

ወልድያ የሚያውቀው የተፈራ ምላስ የሞተ መሆኑን ነውና። ቆቦ ተወልዶ አዲስ አበባ ከሆቴል ሆቴል እየተዘዋወረ መጠጥ ሲቀምም የኖረ ልጅ ነው። በኮሮናው ጊዜ ታሞ ጣዕም የሚባል ነገር ከአፉ እንደጠፋ ራሱ ለሰው ተናግሯል። በሽታው ይህን በብዙ ሰው ላይ ስላደረገ የጠረጠረው የለም። መጠጡን የሚያዋህደው በማሽተትና በልክ ነው፤ የሚቀምስለት ግን ሌላ ሰው ነው። ያ ሌላ ሰው አስካለ ናት፤ የአስፋው ሚስት።

"ኮመጠጠህ እንዴ?" አለው አስፋው፣ ድምፁን እንደምንም አለስልሶ።

ተፈራ ሎሚውን ወደ ኪሱ መለሰና ፈገግ አለ። "ልማድ ሆኖብኝ ነው ጋሼ። ፊቴ ያስታውሳል እንጂ እኔስ ምንም አይሰማኝ።"

አስፋው ሰደርያውን ሰፋ። አሳምሮ ሰፋው፤ እጁ አበላሽቶ መስፋት አያውቅም። የገዛ ሥራው በዚያ ልጅ ወገብ ላይ ልክክ ብሎ ሲያየው ግን እንደ እሾህ ወጋው።

አስፋው የሐብሩ ሰው ነው። ከመርሳ ወደ ግራና ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ተወልዶ፣ ገና ጢም ሳያበቅል ወልድያ መጥቶ፣ ከአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቁልፍ እየተከለና ጠርዝ እየዘመዘመ ነው ሙያውን የለመደው። ትምህርት ቤት ሲከፈት የከተማዋን ተማሪ ዩኒፎርም እያለበሰ ኖሯል። አስካለን ያገኛት በእናቷ በወይዘሮ አልማዝ ጠጅ ቤት ነው። በዚያ ቤት የማይታለፍ ወግ ነበር። ጠጅ የምታቀርበው ልጅ ብርሌውን ለእንግዳው ከመስጠቷ በፊት ከላዩ ጥቂት ወደ ግራ መዳፏ ታንቆረቁርና በፊቱ ትቀምሳለች። እኔ የቀመስኩትን ነው የምትጠጣው፣ የሚገድል ከሆነ ቀድሞ እኔን ይግደል እንደማለት ነው። አስፋው መጠጥ ብዙም የማይወድ ወጣት ሆኖ ሳለ ማታ ማታ እዚያ ቤት ማምሸት ልማድ ሆነበት። የሚሄደው ለጠጁ አልነበረም። ከንፈሯ መዳፏን ነክቶ ቀና እስክትል ድረስ ላለችው ለዚያች አጭር ጊዜ ነው። በዚያች ጊዜ ምን እንደሚያይ ቢጠይቁት ሊናገር አይችልም ነበር፤ ማየቱን ብቻ ያውቀዋል።

ባገባት ሳምንት በጠጅ ቤቱ ዳግመኛ እንዳታስተናግድ ለመናት። እሷም እሺ ብላ ተወችው። የሰው ልጅ ልቡን የሰረቀውን ነገር የራሱ ካደረገ በኋላ በመጀመሪያ የሚያጠፋው ያንኑ ነገር መሆኑ የሚገርም ነው። ወፊቱን ለዜማዋ ብሎ ይይዛትና ሌላው እንዳይሰማት አፏን ያስራል። አስፋው ይህን ሲያደርግ ያደረገው አልመሰለውም፤ ሚስቱን ያከበረ ነው የመሰለው። ዓመቱ ዓመትን እየወለደ ሄደ፤ ልጃቸው ህሊና ተወለደች፤ አደገች፤ እነሱም ጎን ለጎን ሆነው ወደ ፊት ብቻ የሚያዩ ሁለት ሰዎች ሆኑ።

ከተማዋ በተያዘችባቸው ወራት ህሊናን አስቀድመው ወደ ደሴ ልከው ሁለቱ ቀሩ፤ ልጅቱም ከዚያ ወዲህ እዚያው ናት። አስፋው የስፌት መኪናውን ራስ ፈትቶ በጭራሮ ክምር ሥር ሸሸገው። ታኅሣሥ ላይ ከተማዋ ስትለቀቅ መኪናው ነበረ፤ አዲስ ልብስ የሚያሰፋ ሰው ግን አልነበረም። የሚመጣው ሥራ የተቀደደ መጣፍ፣ የነተበ ኮሌታ መገልበጥ ሆነ። ቤቱን ማኖር ወደ አስካለ ዞረ። ሰገነት ሲከፈት ወጥ ቤት ገባች።

ቀማሽ የሆነችው በድንገት ነው። ተፈራ አንድ ቀን በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል አዲስ ያዋሐደውን መጠጥ አቅርቦ፣ "እታለም፣ እስቲ ይችን ቅመሽልኝ፤ እኔስ ምላሴ የለም" አላት። ማንኪያ አልፈለገችም። እጇ ያደገችበትን አልረሳም ነበርና ከብርሌው በግራ መዳፏ ተቀብላ ቀመሰች። ወይዘሮ ፍሬሕይወት ይህን አዩ። በከተማዋ ያኔ በየመጠጥ ቤቱ የተተወው መጠጥ ተመርዟል የሚል ወሬ ነበር፤ እውነት ይሁን ሐሰት ያረጋገጠው ባይኖርም ሰው የሰው እጅ መፍራት ጀምሮ ነበር። ሴትየዋ ነገር ቶሎ ይገባቸዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰገነት ቤት ማንኛውም የተቀመመ መጠጥ አስካለ በእንግዳው ፊት በመዳፏ ሳትቀምሰው አይቀርብም ተባለ። ከተማው ይህን ወደደ። የሰገነት መጠጥ የሚጠጣው ለጣዕሙ ብቻ ሳይሆን ለመተማመኑም ሆነ።

አስፋው ይህን ሁሉ ከእሷ አፍ ሰምቶ ነበር። ያየው ግን ሰደርያዎቹን ሊያስረክብ የሄደ ዕለት ነው። በጓሮ በኩል ገባ። ተፈራ በመስኮቱ ወዲያ፣ አስካለ ወዲህ ቆመዋል። ቀይ ነገር በመዳፏ ተቀብላ ወደ ከንፈሯ ስታቀርብ ልጁ አፏን ተመለከተ፤ ከዚያ ዓይኗን፤ ከዚያ ቅንድቧን። ቅንድቧን ትንሽ ሰበር አደረገች። እሱም "ዝንጅብሉ በዛ" አለና ሄደ። እጅ ለእጅ አልተነካኩም። ሳቅ የለ፣ ሹክሹክታ የለ። አስፋው ግን ያንን አስተያየት ያውቀዋል፤ በወይዘሮ አልማዝ ጠጅ ቤት አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ወጣት አስተያየት ነው። የራሱ ነበር። የት እንደጣለው የማያውቀውን ዕቃ ሌላ ሰው አንሥቶ ሲጠቀምበት ያየ ሰው ሆነ።

አንድ ነገር ይዞ ቢያገኛቸው ኖሮ ይቀለው ነበር። ሰው ስለተነካ ነገር ሊጣላ፣ ሽማግሌ ሊጠራ፣ ሊፈታ፣ ሊታረቅ ይችላል። ስለ መታየት ግን ለማን አቤት ይባላል? ቅናት እንዲህ ሲሆን እንደ ብል ነው፤ ጨርቁ በጅ ቢዳሰስ ደህና ነው፣ ለብርሃን ሲይዙት ነው ቀዳዳው የሚታየው። እና አስፋው ሌት ተቀን ጨርቁን ለብርሃን እየያዘ ያየው ጀመር። ልጁ "እታለም" ማለቱን ጠላ። ወደ ቤት ስትመጣ እጇ ላይ የሚቀረውን የሎሚና የማር ሽታ ጠላ። ከሁሉ በላይ ያቺን ቁራጭ ሎሚ አሰበ። ምላሱ ካልሞተ የሰው ሚስት ምላስ ለምን ፈለገ? ውሸቱ ሰበብ ነው። ሰበቡም እሷን ለማየት ነው። እንዲህ አድርጎ ሲደረድረው ነገሩ እንደ ስፌት ተያያዘለት፤ አንድም የሳተ ክር የለውም። ችግሩ ያ ነበር፤ የሳተ ክር የሌለበት ነገር ሰው የሠራው መሆኑን ረሳው።

ፍልሰታ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ተናገረ። ጾሙ ሲፈታ ሥራውን እንድትተወው ነገራት። ምክንያት አልሰጠም፤ "ይበቃል" ብቻ አለ። አስካለ የምትለቅመውን ምስር አስቀመጠችና ለረጅም ጊዜ አየችው። ወይዘሮ ፍሬሕይወት ጾሙ ሲፈታ እያንዳንዱ ሠራተኛ በተራው ከትዳር ጓደኛው ጋር እንደ እንግዳ ተቀምጦ እንዲስተናገድ ቃል ገብተው ነበር። የእሷ ተራ የመጀመሪያው ነው።

"መጀመሪያ መጥተህ እንደ ሰው ተቀምጠህ ብላ" አለችው። "ከበላህ በኋላም ተይ ካልከኝ እተወዋለሁ። አልከራከርህም። ሳትበላ ግን አልሰማህም።"

እሺ አለ። ቃሉን እዚያው ማዕድ ላይ እንደሚነግራት ወሰነ። ከዚያም በፊት አንድ የሚያደርገው ነገር ነበረው።

ፍልሰታ በተፈታ ማግሥት፣ ገና ጀምበር እንደገባች ሄዱ። ሰገነት ከዋናው መንገድ ወደ ላይ ገባ ብሎ፣ መኖሪያ ቤቶች መካከል ያለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ በየጠረጴዛው መካከል በጠርሙስ የቆመ የጽጌረዳ ዘንግ፤ መብራቱ ሲጠፋ ከጓሮ ጄኔሬተሩ ይነሣል። ብርጭቆ በጠፋ ጊዜ መጠጡን በብርሌ ማቅረብ የጀመሩት ለችግር ነበር፤ አሁን የቤቱ መለያ ሆኗል። ከመርሳ ፓፓዬና ብርቱካን፣ ከዳገቱ በለስ፣ ከየጓሮው ጤና አዳም እየመጣ ከማርና ከአረቄ ጋር ይዋሐዳል። መጠጦቹ የአካባቢው ቦታዎች ስም አላቸው። ሲሪንቃ የምትባለው ከማሽላ ቦርዴና ከማር የተሠራችው ናት። ሰው አለባበሱን አሳምሮ ነው የሚመጣው። አስካለ በሠርጓ ማግሥት የለበሰችውን ዓይነት አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች። አስፋው ኮቱን ተኩሶ ነበር፤ ሲገባ ሁለቱም እጆቹ የት እንደሚሆኑ ጠፋው።

ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ የጨርቅ ነጋዴው ሲራጅ ከወንድሙ ጋር ተቀምጧል። የአስፋው የዘመን ወዳጅ ነው፤ አረቄ የሌለበት የበለስ ጭማቂ ይዟል።

"አስፋው፣ ወላሂ ሳይጠሩህ ለቅሶ የመጣህ ነው የምትመስለው" አለው። "ሚስትህ እንዲህ አምራብህ ፊትህን ምን ነካው?"

"ደህና ነኝ።"

"ደህና ከሆንክ ለፊትህ ንገረው።"

በስተ ጥግ አንድ መሣሪያውን ከወንበሩ ጎን ያስደገፈ ሰው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ይበላል። ያን ሰሞን ከሰሜን በኩል የሚመጣው ወሬ ደስ አይልም፤ ስለ ሰርጎ ገብ የማያወራ የለም። መታወቂያ የሌለው ሰው በየመንገዱ እንዲቆም ይደረጋል፤ በጥርጣሬ የተያዘም ነበር።

የሐይቅ ዓሣ መጣ፤ ቀጥሎ በብርቱካን የበሰለ የፍየል ጎድን። አስካለ እያንዳንዱን ማን እንዴት እንደሠራው በጆሮው ነገረችው። ደስ ብሏት ነበር። እንደ እንግዳ ተቀምጣ ሳህን ሲቀርብላት እንደ ልጅ እየሳቀች ጓደኞቿን ታመሰግናለች። ፊቷን አየና ለአፍታ ሐሳቡ ሊፈታ ደረሰ። ያኔ ነው ተፈራ በዚያው ሰደርያ ሁለት ብርሌ በትሪ ይዞ የመጣው። ቀይ፣ አፉ ላይ የጤና አዳም ቅጠል ያለበት።

"ይኸኛው የሐራ ባቡር ነው ጋሼ" አለ። "ቀስ ብለው ይጠጡት። ቆይቶ ነው የሚመጣው።"

"የሐራ ባቡር ከሆነማ አይመጣም" አለ ሲራጅ። "ስንት ዓመት ጠብቀነው ቀረ አይደለ?"

በዙሪያው ያለው ሰው ሳቀ። አስፋው አልሳቀም።

"ማን ነው የሚቀምስልን?" አለ።

ተፈራ ወደ አስካለ ተመለከተ። እንደ ልማዱ ነው የተመለከተው፤ ያቺ መመልከት ግን ነገሩን ጨረሰችው።

"ዛሬ እሷ እንግዳ ናት" አለ አስፋው። "እንግዳ ለራሱ አይቀምስም። ያቀረበው ነው የሚቀምሰው። ወጉ እንደዚያ ነው፤ አታውቀውም?"

"አውቃለሁ ጋሼ። ምላሴ ነው እንጂ..."

"ምላስህ ቢሞት ጉሮሮህ አልሞተም። ጣዕሙን ንገረኝ አላልኩህም። ቅመስልኝ ነው ያልኩህ።"

ይህንን ሲል ብርሌውን ከትሪው አንሥቶ፣ የልጁን ግራ እጅ ገልብጦ በመዳፉ ላይ አንቆረቆረለት። ተፈራ መዳፉን እንደዘረጋ ቆመ። ቀዩ መጠጥ በመዳፉ ጎድጓዳ ላይ ተቀምጦ ይንቀጠቀጣል። አስፋው ሎሚውን እያሰበ ፊቱን ጠበቀ፤ ያ ፊት ሲጨማደድ ሁሉም ያየዋል፣ ውሸቱም ይገለጣል፣ እሱም ለሚስቱ አየሽ ይላታል። የፈለገው ይህንኑ ነበር። ልጁ ግን አልቀመሰም። መዳፉን ወደ አፉ አቀረበና መለሰ። አንድ ጠብታ በጣቶቹ መካከል ወርዶ ነጩ ጨርቅ ላይ አረፈ።

ከጥግ ያለው ሰው ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ለምንድን ነው የማይቀምሰው?" አለ፤ ጮክ ብሎ አይደለም።

ከጓደኞቹ አንዱ፣ "ከየት ነው የመጣው ይሄ ልጅ?" ብሎ ጠየቀ። አንዲት ሴት የያዘችውን ብርሌ ከፊቷ አራቀች። ሰውየው እጁን ወደ መሣሪያው አልሰደደም፤ ወንበሩን ብቻ ወደ ኋላ ገፋ። አስፋው ያደረገው ነገር ያኔ ገባው። እሱ ያጠመደው ለቅናት ነበር፤ ወጥመዱ ግን ሌላ ነገር ያዘ። በዚያ ሰሞን የራሱን መጠጥ አልቀምስም ያለ ባይተዋር ሌሊቱን የት እንደሚያድር የሚያውቅ አልነበረም። አፉን ከፍቶ ቀልዴን ነው ሊል ሲል ሚስቱ ቀደመችው።

አስካለ ተነሣች። አልቸኮለችም። የተፈራን እጅ ከሥር በሁለት እጆቿ ደግፋ፣ አጎንብሳ፣ ከመዳፉ ጠጣች። ጠብታ ሳታስቀር ጠጣች። ቀና ብላ ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ጠረገችና በጥግ ወዳለው ሰው ዞረች።

"የዚህ ቤት ቀማሽ እኔ ነኝ ወንድሜ" አለች። "በማንም መዳፍ ላይ ቢቀዳ የምቀምሰው እኔ ነኝ። ባለቤቴ ሊያሾፍበት ብሎ ነው። ይጣፍጣል፤ ለእናንተም ይምጣ?"

ሲራጅ ቀድሞ ተነፈሰ። "ለእነሱ ቢመጣ ባይመጣ፣ ለእኔ ያለ አረቄው ይደገምልኝ" አለ ጮክ ብሎ። "የአስፋው ሹፈት ግን እንደ ባቡሩ ነው፤ ሳቁ ገና በመንገድ ላይ ነው።" አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላው ተከተለው። ከጥግ ያለው ሰው አስካለን ትንሽ አያትና ወንበሩን መልሶ ሳበ።

አስካለ ተቀመጠች። ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ነው ለባሏ የተናገረችው።

"ጠጣ። ተነሥተን ከሄድን ይሄ ልጅ አለቀለት። እየጣፈጠህ ጠጣ።"

አስፋው ጠጣ። ሚስቱ ከሌላ ሰው መዳፍ በሕዝብ ፊት ስትጠጣ ያየ ባል፣ የጠጣችውን መጠጥ ፈገግ እያለ መጠጣት ነበረበት። ሲፈራው የከረመው ነገር ሁሉ በአንድ ምሽት በራሱ እጅ ተቀድቶ ቀረበለት። ሰው ቅናቱን ከመጠን በላይ ሲጠብቀው ያልነበረውን ነገር ይፈጥረዋል፤ ጠባቂውም አዋላጁም እሱ ይሆናል። መጠጡ መጀመሪያ ማር ማር አለ፤ ቀጥሎ የበለሱ ልስላሴ መጣ፤ ከዚያ ዝንጅብሉ፤ አረቄው በእርግጥም ቆይቶ፣ ሰው ሲረሳው፣ ከደረት ሥር ሞቆ ተነሣ። ጥሩ ነበር። የከፋውም ይኸው ነው፤ ጥሩ ነበር። አስካለ በየቀኑ የምታውቀው፣ እሱ ስሙን እንኳ ያልጠየቃት ዓለም በዚያች ብርሌ ውስጥ ነበረች፤ ዝንጅብሉ በልኩ የሆነው እሷ ቅንድቧን ሰበር ስላደረገች ነው።

ብርሌው ባዶ ሲሆን አስፋው እጁን አነሣ። ቤቱ ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ፣ "ተፈራ፣ ይህንኑ ድገመኝ" አለ።

ተፈራ ደገመለት። ሲያስቀምጥ ዓይኑን ወደ አስካለ አላነሣም። ያ አለማንሣት ደግሞ ከማንሣቱ ይልቅ አስፋውን ወጋው።

ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ወጡ። ዘንቦ አባርቷል፤ በባትሪ ብርሃን ጭቃውን እየመረጡ ወረዱ። ከመጀመሪያው ኩርባ በኋላ አስካለ ሳትጠየቅ ተናገረች። ተፈራ አዲስ አበባ ሳለ መጠጥ ጨርሶት ነበር፤ ሥራ ያጣው፣ ቤት ያጣው በዚያ ነው። እናቱ ከቆቦ ሄዳ ፈልጋ አግኝታ ጠበል አስገባችው፤ መስቀል ጨብጦ ዳግመኛ አረቄ በአፌ አይዞርም ብሎ ማለላት። መንገዱ ተዘግቶ ሳለ ሞተች፤ አልቀበራትም። ከሙያው በቀር የሚያውቀው ስለሌለ መጠጥ ይቀምማል። የማለ ባርማን ማን ይቀጥራል ብሎ ምላሴ ሞቷል አለ። ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"የእኔ ነገር ቢሆን እነግርህ ነበር።"

ጥቂት ሄዱ።

"ያይሻል" አለ አስፋው። ይህቺን ቃል ለመናገር ሦስት ወር ፈጅቶበታል።

"አዎ ያየኛል። መልሱ ያለው ፊቴ ላይ ነው፤ ሌላ የት ይይ?" ባትሪዋ ጭቃው ላይ ቆመ። "ደስ ይለኛል ግን። አልዋሽህም። አንድ ሰው ምን ትለኝ ይሆን ብሎ ሲጠብቀኝ ደስ ይለኛል። ከዚህ ሌላ ነገር የለበትም። አሁን በልተሃል፤ ያልከውን በል።"

አስፋው ቆመ። ቃሉ ተዘጋጅቶ ከቤት የወጣ ነበር፤ አፉ ውስጥም አለ። ቢናገረው ትተወዋለች፤ እንደ ጠጅ ቤቱ ሁሉ እሺ ብላ ትተወዋለች። ያንን እሺታ ሃያ ዓመት ኖሮበታል፤ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል።

"ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?" አላት።

"በአንድ ሰዓት።"

"እሸኝሻለሁ።"

"መንገዱን አውቀዋለሁ።"

"እንደምታውቂው አውቃለሁ።"

ጠዋት ሸኛት። ወደ ቤት ሲመለስ ከቆቦ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ተሰማ የሚል ወሬ ገበያውን ሞልቶት ነበር። ከዚያ ወዲያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወልድያ ዕቃዋን መጠቅለል ያዘች። ወይዘሮ ፍሬሕይወት ሰገነትን ዘጉ፤ ከዘረፋው የተረፈውን ብርሌ ሳይቀር አሸጉ። አስፋው ቅናቱ አልለቀቀውም ነበር። በእነዚያ ቀናት ጠዋት ጠዋት እየሸኛት፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ ውስጥ ላለማየት አንገቱን እያዞረ ይመለስ ነበር። ሰው በአንድ ምሽት አይለወጥም፤ የሚለወጠው የሚያደርገው ነገር ነው፤ ልብ በኋላ እየጎተተች ትከተላለች ወይም ትቀራለች።

የወንድሙ ልጅ ዮሴፍ ባጃጁን ይዞ ከመርሳ መጣላቸው። አስፋው የስፌት መኪናውን ራስ በጨርቅ ጠቅልሎ ሲያወጣ ተፈራ በአጥሩ በር ቆሞ አገኘው፤ አንድ የላስቲክ ከረጢት ይዟል፤ አስካለን ሊሰናበት ነው። አስካለ ቀድማ ባጃጁ ውስጥ ገብታ በአንደኛው ጥግ ተቀምጣለች።

"ወዴት ልትሄድ ነው?" አለው አስፋው።

"መንገዱ ወደሚሄድበት ጋሼ።"

"መርሳ የሚያውቅህ ሰው አለ?"

"የለም።"

አስፋው መንገዱን አየ። ሰው በእግሩ፣ በጋሪ፣ በኢሱዙ ጀርባ ወደ ደቡብ ይፈሳል። በየኬላው መታወቂያ ይጠየቃል፤ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሚያውቀው ይጠየቃል። የባጃጁ የኋላ ወንበር ሦስት ሰው ይይዛል።

"ከእኛ ጋር ነህ" አለው። "የሚጠይቅ ቢኖር የሚስቴ ወንድም ነው እላለሁ።"

ተፈራ ሊገባ እግሩን ሲያነሣ አስፋው በደረቱ ያዝ አድርጎ አቆመው። ቀድሞት ገባና መሀል ላይ ተቀመጠ፤ የመኪናውን ራስ ጭኑ ላይ አደረገ። ተፈራ በሌላው ጥግ ተጠጋጋ። ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ደረሰ። አስፋው የአስካለ ትከሻ በጎኑ ሲንቀጠቀጥ ተሰማው፤ እያለቀሰች መስሎት ዞር ቢል ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እየሳቀች ነው።

ዮሴፍ በመስተዋቱ አየው። "አጎቴ፣ መሀሉ አይጠብዎትም? ዳር ቢይዙ..."

"ይጠበኛል" አለ አስፋው። "ንዳ።"